ለኤግዌን ሳናለቅስ መጽሐፉ አለቀ

የደንገል ታንኳ (ሐሙስ፣ ማታ 3:40)

«የጊዜ መንኮራኩር» የተባለውን ምናባዊ ልብ ወለድ እስከ ቅጽ 14 ያላነበበ ሰው ከዚህ ይመለስ። ርዕሱን ያየ ግን ረፍዶበታል። ይቅርታ።

ትናንት ሌሊት ጨረስኩት። መብራት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ሆኖት ነበር። ስልኬ 9 ፐርሰንት ላይ ወርዷል። ብርሃኑን ቀንሼ ቀንሼ፣ መጨረሻ ላይ ፊደሉን በግምት ነው ያነበብኩት። ዋናው ጀግና ራንድ ፒፓውን ለኮሰ፣ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ሄደ፣ አለቀ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሊነጋጋ ሲል ተነስቼ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ከደብረ ማርያም በኩል በታንኳ የሚመጡትን ሰዎች ቁጭ ብዬ ሳይ ቆየሁ። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጧል። ስሙ ምን እንደሆነ የገባኝ ዛሬ ከሰዓት ነው። ያልወጣ ለቅሶ ነው።

እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም የገባሁበት በተከታታይ ፊልሙ ነው። ኅዳር 2014 ተጀመረ፣ ግንቦት 2017 ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተቆረጠ። እኔ ደግሞ ግማሽ ወሬ አያስተኛኝም። መጽሐፉን ያዝኩ። አምስት ሆነን ነበር የጀመርነው፣ እሁድ እሁድ ዋርካው ሥር። አንዱ ቅጽ 4 ላይ አገባ። አንዷ ቅጽ 7 ላይ ሥራ አግኝታ ጎንደር ሄደች። አንዱ እዚሁ አለ፤ ቅጽ 10 ላይ ቆሞ። የቀረነው ሁለት ነን፤ ሁለተኛዋ ከእኔ ጋር አትስማማም። ሳትመጣ አትቀርም።

ለማያውቅ ባጭሩ። ሮበርት ጆርዳን የመጀመሪያውን ቅጽ ያወጣው በእኛ 1982 ዓ.ም. ነው። 11ኛውን ካወጣ በኋላ ታመመ። መስከረም 5 ቀን 2000 አረፈ። የሚሊኒየሙ ርችት ከጆሯችን ሳይወጣ ማለት ነው። 58 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ ሃሪየት ማክዱጋል አርታኢውም ነበረች። ብራንደን ሳንደርሰን የሚባል ወጣት ደራሲ ስለ ሟቹ የጻፈውን የስንብት ጽሑፍ አነበበችና «አንተ ጨርሰው» አለችው። አንድ ቅጽ ይሆናል የተባለው ሦስት ሆነ። የመጨረሻው፣ «የብርሃን ትዝታ»፣ በ2005 የገና ማግስት ወጣ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 23 ዓመት። ከ4 ሚሊዮን ቃል በላይ።

አሁን ቅሬታዬ። ኤግዌን ከቅጽ 1 ጀምሮ አብራን ያደገች ልጅ ናት። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ነበረች። አንገቷ ላይ ማሰሪያ ገብቶላት ባሪያ ሆነች። ታሰረች፣ ተገረፈች። ከዚያ የነጩ ግንብ፣ ማለትም አስማታዊ ኃይል የሚስቡት ሴቶች ማኅበር፣ የበላይ ሆነች። በመጨረሻው ጦርነት ባሏ ጋዊን ሞተ፤ እሷም ከአቅሟ በላይ ኃይል ስባ ጠላቷንም ራሷንም ይዛ ሄደች። የቀረው የክሪስታል ዓምድ ብቻ ነው። ከዚያስ? ከዚያማ ገጹ ይገለበጣል። ውጊያው ይቀጥላል። ድል ይሆናል። መጨረሻ ላይ አንድ ቀብር አለ፤ የራንድ። እሱ ደግሞ አልሞተም!

የሞተችው ሳይለቀስላት ላልሞተው ተለቀሰ። እኛ ሰፈር እንዲህ ያደረገ ቤተሰብ ዕድር ያስወጣዋል።

ቁጥር 10 ላይ የቆምኩ (ሐሙስ፣ ማታ 3:52)

አንተ ሰው! ርዕሱ ላይ! ርዕሱ ላይ ጻፍከው እኮ!

እኔ ቅጽ 10ን ለሦስተኛ ጊዜ ጀምሬ ገጽ 300 ላይ ነኝ። እስካሁን የሆነው ነገር ቢኖር ሰዎች ገላቸውን ታጥበው ሻይ ጠጥተዋል። ቢያንስ ኤግዌን አለች ብዬ ነበር የምገፋው። አሁን ለማን ብዬ ነው የምቀጥለው?

የደንገል ታንኳ (ሐሙስ፣ ማታ 3:55)

ወንድሜ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቆሮሶ ጥብስ በእኔ ሒሳብ። ግን አንተም ቅጽ 10 ላይ የቆምከው ስምንት ወር ሆነህ። ሰው ስምንት ወር ሙሉ ምስጢር አይጠብቅልህም።

ፖሊ ማታ (ሐሙስ፣ ማታ 4:20)

ቅጽ 10ን ተዉት፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከ7 እስከ 10 ያሉት ቅጾች እንደ እምቦጭ ናቸው። አረንጓዴ ነው፣ ያብባል፣ ከሩቅ ያምራል፤ ጀልባው ግን አይንቀሳቀስም።

የለቅሶውን ነገር ግን አልቀበልም። ያ ምዕራፍ እኮ ጦርነት ነው። «የመጨረሻው ውጊያ» የሚለው አንዱ ምዕራፍ ብቻውን ወደ 200 ገጽ ይጠጋል። ከአንዱ ሰው ዓይን ወደ ሌላው እየዘለለ ትንፋሽ አይሰጥህም። አውቀው ነው እንደዚያ ያደረጉት። ጆርዳን ራሱ ቬትናም የዘመተ ሰው ነው፣ ሄሊኮፕተር ላይ ተኳሽ ነበር። ጎንህ ያለው ሰው ሲወድቅ ቁጭ ብለህ አታለቅስም፤ መተኮስህን ትቀጥላለህ። ለቅሶው በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴም አይመጣም።

ደግሞ ለኤግዌን አልተለቀሰም ያለው ማነው? ራንድ እዚያ ተራራ ውስጥ ሆኖ መሞቷ ይሰማዋል። ሊሰበር ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሞቱትን ሴቶች ስም በልቡ እየደረደረ ራሱን ሲገርፍ የኖረ ሰው ነው። እሷ ናት «ተወን፤ የሞትነው ወደን ነው፣ ጀግንነታችንን አትውሰድብን» የምትለው። እሱም ይለቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ነው ማሸነፍ የጀመረው። የእሷ ሞት ባይኖር መጨረሻው ራሱ የለም። ከዚህ የበለጠ ሙሾ ከየት ይምጣ?

ሰይፈኛው ላን ወደ ጠላት ጦር መሪው ወደ ዴማንድሬድ ሲጋልብ ግን እኔ ቆሜ ነበር የማነበው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ጥበቃው መጥቶ «ምን ሆንክ?» አለኝ። «ላን» አልኩት። «ተቀመጥ» አለኝ።

ቡና በጀበና (ሐሙስ፣ ማታ 4:45)

መጣሁ። አልስማማም የተባልኩት እኔ ነኝ።

የደንገል ታንኳዬ፣ የነውሩን ነገር ልክ ነህ። ነውሩ ያለበትን ቦታ ግን አላየኸውም። ኤግዌን የሞተችው ሥራዋ ላይ ነው። አባትና እናቷም፣ እኛም የት እንዳለች እናውቃለን። ነውሩ ታም ላይ ነው።

ታም ማለት የራንድ አባት። ያልወለደው አባት። ከበረዶ ውስጥ አንስቶ ያሳደገው፣ ቀስት መሳብ ያስተማረው፣ ሰይፉን የሰጠው። ልጁ ሞተ ተብሎ ችቦውን የሚለኩሰው እሱ ነው። ብቻውን። ልጁ ግን የሌላ ሰው ገላ ለብሶ እዚያው አካባቢ ነው! ጠላቱ ሞሪዲን በራንድ ገላ ውስጥ ሞተ፣ ራንድ በሞሪዲን ገላ ውስጥ ተረፈ። የሚወዱት ሦስቱ ሴቶቹ ያውቃሉ። አባትየው አያውቅም። ልጁ ፈረስ ያነሳና ይሄዳል። ዘወር ብሎ አንድ ቃል አይልም።

እኔ አባቴን የቀበርኩት በቅርብ ነው። ስለዚህ ፍርዴ ይዛባ ይሆናል። ግን ያንን ገጽ ሳነብ ስልኩን ወረወርኩት። ደግነቱ አልጋው ላይ ነው የወደቀ።

ሌላም አለኝ። ሦስቱ ሴቶች አያለቅሱም። የመንደራቸው ልጅ ናይኒቭ እንኳ ነገሩ አልጣማትም። እኛ ጋ ቢሆን ይህ ምስጢር ግማሽ ሰዓት አይቆይም ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት እናቶች ገና ሲገቡ «እቺ ልጅ ዓይኗ ደረቅ ነው» ብለው ጨርሰውት ነበር። ደራሲው አንዲት የባሕር ዳር አልቃሽ አላማከረም።

ደግሞ የሴአንቻኖቹ ነገር! ሴቶችን አንገታቸው ላይ ሰንሰለት አስረው እንደ ውሻ የሚነዱት ሰዎች ከእኛ ወገን ሆነው ተዋጉ፣ አሸነፉ፣ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሰንሰለቱ አልተፈታም። ኤግዌን በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ያለፈች ልጅ ናት። ማልቀስ ከፈለጋችሁ ለዚህ አልቅሱላት።

ፖሊ ማታ (ሐሙስ፣ ማታ 4:51)

የሴአንቻኑ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ጆርዳን ከዚህ በኋላ ስለ ራንድ ጓደኛ ስለ ማትና ስለ ሚስቱ፣ ስለ ሴአንቻኗ ገዢ ቱዎን፣ ሌላ ተከታታይ ሊጽፍ አስቦ ነበር። ሞት ቀደመው። እነ ሳንደርሰንም ያንን አንነካም አሉ።

ቡና በጀበና (ሐሙስ፣ ማታ 4:53)

ምክንያቱ ገባኝ። ሰንሰለቱ ግን አሁንም አልተፈታም።

የዘጌ መንገድ መሪ (ዓርብ፣ ጠዋት 1:30)

እንደምን አደራችሁ። ጀልባው እስኪሞላ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው።

እኔ ይህን መጽሐፍ ያነበብኩት ጀልባ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ፣ ከዘጌ ባሕር ዳር። ቱሪስት በጠፋበት ጊዜ ደግሞ የቡናው ጫካ ውስጥ። ስለዚህ ቅሬታዬም የዘጌ ነው።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባችሁ ሰዎች ሥዕሉን ታስታውሳላችሁ። ለእንግዳ ሁሌ መጀመሪያ የምናገረው ስለ ዓይን ነው። ጻድቁ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉው በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ። እንግዳው ይህን ከሰማ በኋላ ግድግዳውን ሁሉ ራሱ ያነበዋል። «ይኼ መጥፎ ነው፣ ይኼ ደህና ነው» እያለ እንደ ልጅ ይቆጥራል።

አሁን ወደ ዴማንድሬድ ልምጣ። የመጨረሻውን ጦርነት የጠላት ጦር የሚመራው እሱ ነው። 13 ቅጽ ሙሉ «የት ነው ያለው?» እያልን ስንፈልገው ኖርን። ለካ ሻራ በሚባል ሩቅ አገር ንጉሥ ሆኖ፣ ትንቢት ፈጽሞ፣ ሕዝቡ የሚወደው ሰው ሆኗል። ይህ ሁሉ የሆነው ከመጽሐፉ ውጭ ነው! ጦሩን ይዞ ከተፍ ይላል፣ «አልቶር (ራንድን ማለቱ ነው) የት አለ?» እያለ ይጮኻል፣ ይሞታል። በአንድ ዓይን የተሣለ ሰው ነው። የሻራው ታሪኩ ተጽፎ ነበር፤ ከመጽሐፉ ወጥቶ ሌላ መድበል ውስጥ ለብቻው ታተመ። ሁለተኛው ዓይኑ እዚያ ነው ያለው።

ይህን የምለው ደግሞ ይኸው መጽሐፍ በሌላ ቦታ ተቃራኒውን ስለሠራ ነው። ራንድ ከጨለማው ጌታ ጋር ሲፋለም ክፋት ፈጽሞ የሌለበት ዓለም ይፈጥራል። እዚያ ከሦስቱ ሴቶቹ አንዷን፣ ኢሌይንን፣ ያገኛታል። ትስቃለች፣ ደስተኛ ናት፣ ዓይኗ ግን ባዶ ነው። መምረጥ የማይችል ሰው ሆናለች። ያን ጊዜ ነው ክፉውን መግደል ትቶ መልሶ የሚያስረው። ይህን የጻፈ ሰው ዴማንድሬድን በጎን መሣሉ ያናድዳል። ሁለት ዓይን መሣል እንደሚችል አሳይቶናላ።

ጀልባው ሞላ። ማታ እመለሳለሁ።

ቁጥር 10 ላይ የቆምኩ (ዓርብ፣ ጠዋት 2:05)

ዴማንድሬድም ሞተ? በማርያም፣ የሚተርፍ ሰው ካለ እሱን ብቻ ንገሩኝ።

የአገው ምድር ፈረሰኛ (ዓርብ፣ ጠዋት 3:15)

ስለ ንግሥት ታለቅሳላችሁ፣ ስለ አባት ታለቅሳላችሁ። ስለ ቤላ አንድ ሰው ቃል አልተነፈሰም።

ቤላ ፈረሷ! ከቅጽ 1 ጀምሮ! መጀመሪያ ከመንደሩ ሲወጡ የነበረች፣ ከጀግኖቹ ግማሹን በጀርባዋ የተሸከመች፣ ማንም ልብ ያላላት ጠጉራም ባዝራ። መጨረሻው ላይ ኦልቨርን፣ ያንን ትንሽ ልጅ፣ ቀንደ መለከቱን ይዞ ተሸክማው ስትሮጥ በቀስት ተመታች። ወደቀች። ልጁ ብቻውን ቀረ፣ ቀንደ መለከቱን ነፋ፣ የሞቱት ጀግኖች ተነሱ። እሷ ባትኖር ቀንደ መለከቱ አይነፋም።

እኛ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረስ የምናስጌጥ ሰዎች ነን። አያቶቻችን ዓድዋ የዘመቱበት ፈረስ ውለታው አልተረሳም። ስለዚህ ለቤላ ሁለት መስመር መስጠት ስድብ ነው። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ዓይኔ ቀልቷል።

ቡና በጀበና (ዓርብ፣ ጠዋት 3:20)

አያ ፈረሰኛ፣ ይቅርታ አድርግልን። እውነትህን ነው።

የጎንጅ ተማሪ (ዓርብ፣ ቀን 7:10)

እኔ ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ቆሎ ተማሪ ሆኜ አሳልፌያለሁ፤ አሁን የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁላችሁም «ደራሲው» ትላላችሁ። የትኛው?

ቅኔ ውስጥ ቤት አለ። ዋሸራ አለ፣ ጎንጅ አለ፣ ዋድላ አለ። ጆሮው የለመደ ሰው ባለቅኔው ከየት ቤት እንደወጣ ያውቃል። ከቅጽ 12 ጀምሮ ቤቱ ተቀይሯል። ጆርዳን ቤት ቀስ ይላል። የቀሚሱን ጥልፍ፣ የወንበሩን እግር፣ የሾርባውን እንፋሎት ሳያይ አያልፍም። ሳንደርሰን ቤት ይሮጣል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ሰዎቹ የሚያስቡትን ፊት ለፊት ይናገራሉ። በጣም የሚታወቀው ማት ላይ ነው። ቅጽ 12 ላይ ማት ማት አይደለም፤ ማትን ለመምሰል የሚቀልድ ሌላ ሰው ነው። ሳንደርሰን ራሱ ማትን መጀመሪያ ላይ እንዳልያዘው አምኗል። ቅጽ 14 ላይ ተሽሏል። የጦሩ አዛዥ ሆኖ ቁማሩን ሲጫወት የድሮውን ድምፅ እዚህም እዚያም ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ ክርክራችሁ። ጆርዳን የመጨረሻውን ትዕይንት ከመሞቱ በፊት ጽፎት ነበር። ቀብሩ፣ ፒፓው፣ ፈረሱ፣ አካሄዱ የእሱ ነው። ሳንደርሰን ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ ሠራ። እኛ ጋ ግልገል አባይ ጣና ይገባል፣ በባሕር ዳር በኩል አባይ ሆኖ ይወጣል። ሽማግሌዎች ውሃው ከሐይቁ ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ይላሉ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቅጾች ለእኔ እንደዚያ ናቸው። የሳንደርሰን ሐይቅ ሰፊ ነው፤ የጆርዳን ውሃ ግን መሐሉ ላይ ይታያል፣ ጫፉ ላይ ለብቻው ይወጣል።

ለኤግዌን ያልተለቀሰውም በዚህ ይመስለኛል። የሞተችው ሐይቁ ውስጥ ነው። መውጫው ላይ ያለውን ገጽ የጻፈው ሰው ደግሞ ሐይቁን አላየውም። ከብዙ ዓመት በፊት በልቡ ይዞት የኖረው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ሸክሙን ጥሎ፣ ማንም ሳያውቀው፣ በነፃነት ሲሄድ። ያንን ሰው ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ሲጽፍ አስቡት። ታም ትዝ አላለውም ብዬ አልፈርድበትም።

ቡና በጀበና (ዓርብ፣ ቀን 7:30)

እኔ እፈርድበታለሁ። ግን «ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ» ያልከው... እሺ። ዛሬ ማታ ያንን ገጽ እንደገና አነበዋለሁ።

ሁለተኛ ዓመት (ዓርብ፣ ቀን 8:02)

ሰላም፣ ፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ። ጀምሬው አላውቅም። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ልጀምር ወይስ ልተወው? ደግሞ በወረቀት የት ይገኛል?

የደንገል ታንኳ (ዓርብ፣ ቀን 8:15)

ጀምር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅጾች አንብብና ካልያዘህ ተወው፤ ማንም አይቀየምህም። በወረቀት እዚህ ከተማ ቅጽ 1ን አንድ አዟሪ እጅ አይቻለሁ፣ ሽፋን የለውም። ቅጽ 5ንም ሌላ ጊዜ አይቻለሁ። በመሐል ያሉት የት እንደገቡ ጣና ይወቅ። እኛ ስልክ ላይ ነው የጨረስነው።

ፖሊ ማታ (ዓርብ፣ ቀን 8:22)

ስልክ ስትል አስታወስከኝ። የመጨረሻው ቅጽ በወረቀት የወጣው ታኅሣሥ 30 ነው፣ በዲጂታል የተፈቀደው ግን ሚያዝያ 1 ነው። ሦስት ወር ሙሉ። ሃሪየት ናት እንዲዘገይ የፈለገችው። ያኔ የፈረንጅ አንባቢ በቁጣ መጽሐፉን ሳያነብ አንድ ኮከብ ሲሰጥ ነበር። ሳነበው ሳቅኩ። ሦስት ወር ጠበቅን ብለው! እኛ ዳታ በጠፋ ጊዜ አንድ ቅጽ ለማውረድ ስንት ጊዜ እንደጠበቅን ለማን እንናገር?

ጡረተኛ መምህር (ዓርብ፣ ማታ 1:15)

ልጆቼ፣ እኔ ይህን መጽሐፍ አላነበብኩትም። የልጅ ልጄ ናት ጽሑፋችሁን ያሳየችኝ። ለቅሶ ለቅሶ ስትሉ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ እኛ ቤት እንግዳ ቢመጣ እንኳ በእጅ ጠቅሰን ነበር የምናስቀምጠው። የበዛብህ ሞት ሲደርስ እናቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ቀልድ አይደለም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የማንኩሳን መንገድ ግን ታውቀዋለች። «የአገራችን ልጅ ነው» አለች። በማግስቱ ጎረቤቶቿ መጥተው ስለ ሰብለ ተጨዋወቱ። የሰብለን ነገር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ መንኩሳ መቃብሩ አጠገብ ኖረች። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ሲያሳትሙ ለአንባቢው ማልቀሻ ጊዜ ሰጥተውታል። ሞቱን ነግረው አልሮጡም።

እናንተ ግን ያልሰጣችሁን ደራሲ ትወቅሳላችሁ። እናቴን ነጠላሽን አዘቅዝቂ ያላት መጽሐፉ አልነበረም። ራሷ ናት። አምስት ሆናችሁ ጀምራችሁ ሁለት ቀርታችኋል። ለቅሶ ለሁለት ሰው ይከብዳል፤ ሰው ጥሩ።

የደንገል ታንኳ (ዓርብ፣ ማታ 1:40)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናትዎን ነፍስ ይማር።

በቃ ሰው ጠራሁ። እሁድ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር። ቡና በጀበና ጀበናውን ታመጣለች (እንደ ስሟ)። ፖሊ ማታ የላንን ገጽ ያነባል፤ መቆም ይችላል። የዘጌው ሰው ጀልባ ከሌለው ይመጣል። ፈረሰኛው ስለ ቤላ ይናገራል፤ መሐረብ እኔ አለኝ። እኔ የኤግዌንን አነባለሁ። ከዚያ ማንም ገጹን አይገለብጥም። ቡናው ሦስተኛው እስኪወርድ እዚያው እንቆያለን።

ጋሼ፣ እርስዎም ቢመጡ ወንበር አለ። የልጅ ልጅዎን ይዘው ይምጡ።

ቡና በጀበና (ዓርብ፣ ማታ 4:30)

ያንን ገጽ እንደገና አነበብኩት። ታም ላይ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን አንድ ነገር አየሁ። ራንድ ያንን ፒፓ ሲለኩስ ኃይሉ ሁሉ ጠፍቶ ነው፤ በምን እንደለኮሰው ማንም አይነግረንም። ታም ደግሞ ፒፓ የሚወድ ሰው ነው። ልጁ ከአባቱ ተምሮት ይሆናል። እሁድ እንጨቃጨቅበታለን። ፈንዲሻ እኔ፣ ስኳር ሌላ ሰው።

የአገው ምድር ፈረሰኛ (ቅዳሜ፣ ጠዋት 2:00)

ስኳር እኔ።

ቁጥር 10 ላይ የቆምኩ (ቅዳሜ፣ ሌሊት 6:35)

ቅጽ 10ን ጨረስኩት። አዎ። መጨረሻው ላይ ተያዘች።

ቅጽ 11 ጀምሬያለሁ። ኤግዌን እስር ቤት ናት፤ በየቀኑ ይገርፏታል፣ እሷ አንገቷን አትደፋም። አንተ ሰውዬ ባትነግረኝ ኖሮ በአንድ ሌሊት 200 ገጽ እጨርስ ነበር። አሁን ግን በቀን 20 ገጽ ብቻ ነው የማነበው። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣለሁ።

እሁድ እመጣለሁ። የሞተችበትን ገጽ ስታነቡ ግን ወደ ውሃው ዳር ዞር እላለሁ። ሲያልቅ ጥሩኝ።